ከኋላው ወንበር ሥር

«አንቺ ልጅ፣ ቅናትሽ እኮ ከሩቅ ይሸታል!» አለኝ ቴዲ፣ በሰው ፊት፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ እጁ ላይ እንደጠቀለለ።

በሰቃ ሰፈር ካለው ጋራዡ በር ላይ ቆመን ነበር። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሁለት ደንበኞች ሳቁ። መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ በምላስ የሚበልጠኝ በሰፈራችን የለም። ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ያለው እውነት ነበራ።

እንዴት እዚያ በር ላይ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። መቀመጥ ደግሞ አይሆንልኝም፤ የታጠበ ዕቃ መልሼ የማጥብ፣ የተጠረገ ግቢ ደግሜ የምጠርግ፣ እናቴን «ምነው ወገብሽ አያርፍ!» የማሰኝ ነበርኩ። ባቡሩ ገና አቃቂ ጣቢያ እየቆመ ሰው የሚያወርድበት ዘመን ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም። ከእኔ ሌላ ያለው አንድ ቮልስ ነው፤ እኔ ሳልወለድ በፊት አገሩ ከሚመለስ የፋብሪካ ፈረንጅ የገዛው፣ እርጎ የመሰለ ቮልስ።

ልጅ ሆኜ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባዬ ሸራ ዘርግቶ ከመኪናው ሥር ይገባል። እኔ መብራት እይዛለሁ፤ ቁልፍ አቀብላለሁ። «ዐሥራ ሦስት!» ሲለኝ ሳላይ፣ በጣቴ ዳብሼ፣ ዐሥራ ሦስት ቁጥሩን አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ሞተሩን ሲያስነሳ «ሙሉ፣ ድምፁ እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔም ጆሮዬን ቀስሬ እንደ ሐኪም አዳምጬ «አንዱ ካንዴላ ሰንፏል» እላለሁ። አንዳንዴ ልክ እሆናለሁ። ልክ ስሆን አባዬ በዘይት እጁ አፍንጫዬን ይቀባኛል።

ዐሥር ዓመቴ ላይ የባትሪው ክዳን በዝገት አለቀ። የቮልስ ባትሪ ከፊት ወይም ከሞተሩ ጋር አይደለም፤ ከኋላው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። አባዬ ከአሮጌ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ላይ ላስቲክ እንድቆርጥ መቀስ ሰጠኝ። እየቆረጥኩ ሳለ እንዲህ አለኝ፦ «ይቺ ላስቲክ ከሌለች ወፍራም ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ከባትሪው ራስ ጋር ይሳሳማል። ከዚያ በኋላ እሳት ነው። ወንበሩ ውስጥ ያለው ቃጫ እንደ ጭድ ነው የሚነደው።»

ከዚያ ቴዲ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አባቱ ሲሞትበት አባዬ «ሙያ ላስይዘው» ብሎ እሑድ እሑድ ወደ ግቢያችን አስገባው። አንድ ቀን አባዬ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ዐሥራ ሦስት!» አለ። እኔ ስዘረጋ የቴዲ እጅ ቀደመኝ። አባዬ ከማን እንደተቀበለ እንኳ አላየም። በሚቀጥለው እሑድ «ሙሉ፣ ለቴዲ ውኃ አምጪለት» ተባልኩ። መብራቱ ከእጄ የወጣው በዚህ ዓይነት ነው፤ ማንም ሳይቀማኝ።

ቴዲ አድጎ በሰቃ ጋራዥ ከፈተ። አባዬ በየሄደበት «ልጄ ነው መኪናዬን የሚሠራልኝ» ይላል። እኔን ሲያስተዋውቅ «ልጅቷ ናት» ይላል። ልዩነቱን ሌላ ሰው ላይሰማው ይችላል፤ እኔ ግን በሰማሁ ቁጥር እቆጥረዋለሁ።

ያን ሰሞን ቴዲ ደብረ ዘይት ያለች ልጅ ወደደ። ሽማግሌ የሚልክለት አባት ስለሌለው አባዬ «እኔ ሄጄ እለምንለታለሁ፤ በራሴ መኪና» አለ። ለዚሁ ጉዞ ሲባል ቮልሱ ሁለት ሳምንት ቴዲ ጋራዥ ሰነበተ። ከኋላው ወንበር ሥር ወለሉ ዝጎ ተበስቶ ነበር፤ ባትሪው ደክሟል፤ ቀለሙም ወይቧል።

ቅዳሜ ጠዋት ተመለሰ። ሲያበራ! እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ወጣ። አባዬ መኪናውን ሳይሆን የቴዲን ትከሻ ነበር የሚዳብሰው። እኔ ዙሪያውን በጣቴ ዳበስኩት። ቀለሙ አቧራ ላይ የተረጨ ነው፤ እጅ ይቧጥጣል። ፓራፋንጎውን፣ የጎማውን ክዳን፣ በጣቴ መገጣጠሚያ ቆረቆርኩት፤ የብረት ድምፅ አልሰጠኝም። ስቱኮ ነው፣ በወፍራሙ የተለሰነ።

አባዬ ምሳ ሲገባ የኋላውን ወንበር አነሣሁ። የተበሳው ወለል በብየዳ አልተደፈነም፤ ጋዜጣ ተወትፎበት በላዩ ስቱኮ ተቀብቷል። የኳስ ዜና ግማሹ ይነበባል። ባትሪው አዲስ ነው፤ ግን የቮልስ አይደለም፣ ከሌላ ትልቅ መኪና የመጣ፣ ቁመቱ የረዘመ። ላስቲኬ የለም። በእጄ የቆረጥኩት ላስቲክ። በባትሪው ራስና በወንበሩ ሞላ መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ነው ያለው።

ምሳዬን ሳልበላ በእግሬ በሰቃ ሄድኩ።

«ላስቲኩስ?» አልኩት ቴዲን።

«የቱ ላስቲክ?»

«ባትሪው ላይ የነበረው ነዋ።»

«ኧረ እሱንማ ጣልኩት። ባትሪው ከፍ ስላለ ላስቲኩ ሲደረብ ወንበሩ አልገጥም አለኝ። ትርፍ ነገር ነው።»

«ትርፍ አይደለም። ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ይነካዋል።»

«እናንተ፣ መሐንዲስ መጣችላችሁ!» አለ ወደ ደንበኞቹ ዞሮ። «ስንት ቮልስ ፈተሽ ገጥመሻል እመቤቴ?»

«ወለሉስ? ጋዜጣ ነው የወተፍክበት?»

ይህን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ከፍ አደረገው፤ ያንን ከላይ የነገርኳችሁን ነገር ያለኝም ያኔ ነው። «ይሄ የላስቲክ ጉዳይ አይደለም፤ አባትሽ ለእኔ ሽማግሌ መሆኑ ነው ያንገበገበሽ» ብሎም ጨመረበት።

ሐዲዱን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። መንገድ ላይ ለአባቴ ልነግረው ወሰንኩ። ጥቂት ሄድኩና ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ፦ ነገ አስፋልት መሐል ከወንበሩ ሥር ጭስ ብቅ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ እየሳሉ ሲወርዱ፣ አባዬ ወንበሩን አንሥቶ ያንን ጋዜጣ ሲያይ። «ማነው ይሄን የሠራው?» ሲል። ይህችን ጥያቄ እንደ ከረሜላ አላመጥኳት። እሳቱን አላሰብኩትም አልላችሁም። አሰብኩት፤ ግን በሐሳቤ ውስጥ ሁልጊዜ ጭስ ላይ ይቆምልኝ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ፊቴን አይታ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «ሙልዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጁን ወደሽው ነው?»

«ማንን?»

«ቴዲን ነዋ። ሰፈሩ ሁሉ ‘ሽማግሌ ሊላክ ሲል ልጅቷ ጠቆረች’ እያለ ነው።»

«እማዬ፣ በእግዜር!» ብዬ ጥያት ወጣሁ። የምቀናው በሙሽራዋ አልነበረም። ይህን ለማን አስረዳለሁ? ቤት ውስጥ ሆኜ በገዛ አባቴ ምክንያት በእንግዳ ልጅ እቀናለሁ ብል ማን ይሰማኛል? ጭራሽ አፌን ዘጋሁ።

እሑድ ማለዳ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ግቢያችን ቆሙ። አባዬ ይነዳል። አቶ ይርጋ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ከፊት ይቀመጣሉ። ከኋላ ጋሽ ወርዶፋ ናቸው። ጋሽ ወርዶፋ የአቃቂው ፋብሪካ ሳይተከል ጀምሮ እዚያው ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ሰፊ ሰው፣ ሲስቁ ሆዳቸው ቀድሞ የሚስቅ።

ቮልስ ሁለት በር ብቻ እንዳለው ታውቃላችሁ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት በሹልከታ ነው የሚገባው። ጋሽ ወርዶፋ ሲገቡ መኪናው እንደ ጀልባ ተወዛወዘ።

«ደምሴ፣ ስንወጣ በማዋለጃ ነው ወይስ በምን?» አሉት አባዬን።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን የማየው አንድ ነገር ነበር፤ በየትኛው በኩል እንደሚቀመጡ። በግራ፣ ከአባዬ ጀርባ ተቀመጡ። ባትሪው በቀኝ ነው። አሁን ተነፈስኩ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተነፈስኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ።

አባዬ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ያላደረገውን አደረገ። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣና፣ «ሙሉ፣ ድምፁ እንዴት ነው?» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ አዩ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ድምፁ እውነትም ጥሩ ነበር። እሱ ስለ ሞተሩ ጠየቀኝ፣ እኔ ስለ ሞተሩ መለስኩ። ራሱን በእርካታ ነቀነቀና ሄደ።

መኪናው ጥግ ሲታጠፍ ጭሱ ብቻ ሳይሆን እሳቱም ታየኝ። እናቴ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። በነጠላ ጫማዬ ሮጥኩ። ጫማው አንዱ ሲወልቅ ሁለተኛውንም ጣልኩት። ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። «እዩዋት! ሽማግሌውን ልታስመልስ ነው!» ያለችውን ሴት ድምፅ እስካሁን አውቀዋለሁ።

የደረስኩባቸው በባቡሩ ምክንያት ነው። መንገዱ ሐዲዱን ከሚያቋርጥበት ቦታ ዘበኛው ሰንሰለቱን ዘርግቶ ቆሟል፤ ባቡሩ ከከተማ እየመጣ ነው፤ ቮልሱ ከሰንሰለቱ ፊት ቆሟል። በአባዬ በኩል ደርሼ በሩን ደበደብኩ።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!»

«ሙሉ! ምን ሆነሻል? እናትሽ አንድ ነገር ሆነች?»

«ባትሪው! ላስቲኩ የለም፣ አባዬ! ቴዲ ጥሎታል!»

አቶ ይርጋ በትዝብት አዩኝና፣ «ልጄ፣ የልብ ጉዳይ እንዲህ በመንገድ አይደረግም። ቤት ግቢ» አሉኝ።

«የልብ አይደለም! የባትሪ ነው!»

ባቡሩ ጥሩንባውን እየነፋ ደረሰ። የአባዬ የድሮ ባልደረቦች ስለሆኑ እዚያ ቦታ ሲያዩት ሁልጊዜ እጅ ይነሡታል። ጋሽ ወርዶፋ ይህን ሰላምታ ይወዱታል። እነሱን ለማየት እንደ ሕፃን ጓጉተው ያን ሰውነታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አንሸራተቱ።

«አይ! ጋሼ፣ በዚያ በኩል አይሁኑ!»

ባቡሩ ድምፄን ዋጠው። ወንበሩ ከሥራቸው ሲሰምጥ አየሁት። ጠጠር ብረት ላይ ሲወድቅ የሚሰጠውን ዓይነት ጠስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ከጋሽ ወርዶፋ ጋቢ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ።

«ደምሴ፣ የሆነ ነገር ጠብሶኛል» አሉ፣ ገና እየሳቁ።

ጭሱ ላይ አልቆመም። አባዬ ዘሎ ወርዶ ወንበሩን አጠፈ፤ ጋሽ ወርዶፋ ግን በሹልከታ የገቡበት ቦታ በችኮላ አልወጣ አላቸው። ትከሻቸው ወጣ፣ ሆዳቸው ቀረ። በወዲያኛው በኩል አቶ ይርጋ የበሩን እጀታ እየጎተቱ ነው፤ ያልደረቀው ቀለም በሩን መልሶ አጣብቆት ኖሮ አልከፈትም አለ። ዞሬ ሄጄ በሩን ረገጥኩት፣ በእግሬ፣ በባዶ እግሬ። ሦስተኛው ላይ ተከፈተ። አቶ ይርጋ ወደቁ። ወንበራቸውን ወደ ፊት ገፍቼ በደረቴ ገባሁና የጋሽ ወርዶፋን ቀበቶ ያዝኩ። አባዬ በዚያኛው በር ሲገፋ፣ እኔ በዚህኛው ስጎትት፣ ሰውየው በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ የማላውቀው ጩኸት ጮኸው አስፋልቱ ላይ ወጡ። የሱሪያቸው የኋላ ክፍል ነዶ ጭናቸው ተልጧል።

ወንበሩን አባዬ አውጥቶ ወረወረው። የሽቦው ሽፋን ስለቀለጠ ግን ባትሪው ገና ብልጭታ እየተፋ ነው። ነጠላዬን እጄ ላይ ጠቅልዬ የባትሪውን ሽቦ ከራሱ ላይ ነቅዬ ጣልኩት። ነጠላው እጄ ላይ ነደደ። ዘበኛው ከሐዲዱ ጠጠርና አፈር በአካፋ እያመጣ ደፋበት። እሳቱ ጠፋ። ባቡሩ አልፎ ሄዷል። በወለሉ ላይ ግማሹ የነደደ ጋዜጣ ይጨሳል።

አባዬ ጋዜጣውን አየው። እንደተመኘሁት «ማነው ይሄን የሠራው?» አላለም። ወደ እኔ ዞረና፣ «መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «አሁን ሰው ነገረኝ»፣ «አሁን ትዝ አለኝ» ማለት ይቻላል።

«ትናንት» አልኩ። «በምሳ ሰዓት።»

ሌላ ቃል አልተናገረኝም። ጋሽ ወርዶፋን በሚያልፍ መኪና ጭነን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ የእኔንም እጅ ጠቀለሉልኝ። ሽማግልናው ቀረ።

ከሰዓት ቴዲ ድንጋይ ተሸክሞ ግቢያችን ገባና ከአባዬ እግር ሥር ተደፋ። አባዬ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት። «ተነሥ። እግዜር ይቅር ይበልህ። ጋሽ ወርዶፋ ዘንድ ደግሞ ሂድ» አለው፣ ትከሻውን ይዞ አስነሣው። ያችን ትከሻ!

ቴዲ ሲወጣ አልቻልኩም። «ለእሱ ይቅርታ፣ ለእኔ ዝምታ? እሳቱን የለኮሰው እሱ ነው እኮ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

«እሱ እሳት ይነሣል ብሎ አላሰበም።»

«ነግሬዋለሁ! ጋራዡ ድረስ ሄጄ ነግሬዋለሁ!»

«ነግረሽዋል፤ አላመነሽም። እኔ ግን አምንሽ ነበር» አለ አባዬ። «ድምፁን የጠየቅሁሽ ለምን ይመስልሻል? ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሰው እጅ የመጣ መኪና ነው። ልቤ ያረፈው አንቺ ጥሩ ነው ስትዪ ነው።»

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ቅናት ሲባል ብዙ ጊዜ የምትሰሙት የባልና የሚስት ነው። የእኔ ዓይነቱ ስም የለውም። ዓመታት ሙሉ አባቴ አያየኝም እያልኩ ስቃጠል፣ አየኝ፤ ጠየቀኝ፤ ያውም በሽማግሌ ፊት። የፈለግሁት ነገር መስኮት አውርዶ ሲጠራኝ እኔ ሌላ ነገር እየጠበቅሁ ነበር። ቅናቱ ከዚያ በኋላ ለቀቀሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልለቀቀኝም። ዛሬም ሰው ሲመሰገን እቀናለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው፤ አውቄ ዝም ማለት አልችልም። በዚህ ምክንያት ከሥራ ተባርሬያለሁ፣ ጓደኛም አጥቻለሁ። ቢሆንም ከዚያች «ጥሩ ነው» ይሻለኛል።

የቀረውን ልንገራችሁ። ነገሩ ደብረ ዘይት ደረሰ። የልጅቷ ቤተሰቦች «በእጁ ሥራ ሽማግሌ ለሚያቃጥል ሰው ልጅ አንሰጥም» አሉ ተባለ። ቴዲ ጋራዡን ዘግቶ ቁጭ አለ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። በሳምንቱ ጋሽ ወርዶፋ ቤት ሄድኩ። ተኝተዋል፤ እግራቸው በትራስ ተደግፏል።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ቀድሜ አውቅ ነበር» አልኳቸው።

ሚስታቸው የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ጋሽ ወርዶፋ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አውቀሽ ዝም ካልሽ፣ ኋላ እሳት አለ ብለሽ የሮጥሽው በምን እግርሽ ነው?»

«በባዶ እግሬ።»

ሆዳቸው ሳቀ፤ ፊታቸው ግን አልተከተለውም። «እና ይሄን ለእኔ ምን ብለሽ ታመጪዋለሽ? እኔ ለቴዲ የምከለክለው ሴት ልጅ የለኝ። ደብቀሽው ኑሪ የምልሽ ከመሰለሽ ተሳስተሻል። ይሄን መስማት ያለባቸው ደብረ ዘይት ናቸው፤ ሂጂ ለእነሱ ንገሪ።»

በማግስቱ ማለዳ ተነሥቼ ለበስኩ። አባዬ ከግቢው በር አጠገብ ያለው ቧንቧ ጋ ፊቱን እየታጠበ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ደብረ ዘይት። በባቡር።»

ውኃውን ዘጋው። «ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ሴት ልጅ ብቻዋን የሰው ቤት ገብታ ስለ ጋብቻ አትናገርም። ይሰድቡሻል።»

«ይስደቡኝ።»

«ምን ልትያቸው ነው? ቴዲ ጥፋት የለበትም ልትዪ?»

«አልልም። ሥራው ዝርክርክ ነው፤ ጋዜጣ ወትፏል፤ ላስቲክ ጥሏል። እነግራቸዋለሁ። እኔ ደግሞ አይቼ ዝም ብያለሁ፤ እሱንም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ።»

አባዬ በፎጣው ፊቱን ጠረገ። ቀስ ብሎ ከበሩ ፊት ዘወር አለልኝ። ባቡሩ ከጣቢያው ጥሩንባውን ነፋ፤ በተጠቀለለው እጄ በሩን ገፍቼ ወጣሁ።